በእግር ላይ የተማለ መሐላ

የመጀመሪያው የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ገና ሳያልቅ የሆስፒታሉ ጀሶ ክፍል በቁስለኛ ሞላ። አንዱ አፍንጫው ተጣሞ፣ አንዱ ክንዱን በማሊያው አንጠልጥሎ፣ አንዱ የረገፈ ጥርሱን በመዳፉ ጨብጦ እየገቡ አግዳሚው ላይ ተደረደሩ። የሁለት ቡድን ደጋፊዎች ጎን ለጎን መቀመጣቸውን ያስተዋሉት ቁጭ ካሉ በኋላ ነው። እየደሙ እንደገና ተያያዙ። ጀሶ አሳሪዋ ነርስ መንከሪያ ባልዲዋን አንስታ ውኃውን በመሃላቸው ቸለሰችው።

«እዚህ አጥንት ይጠገናል እንጂ አይሰበርም! መሰበር ያማረው ካለ በሩ ክፍት ነው!»

ጎረምሶቹ ዝናብ እንደመታው ዶሮ ኩምሽሽ አሉ። የቀሩት ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ጆሮዋ መስኮቱ ላይ ካለችው ሬዲዮ ጋር ነበር። ወዲያው የግቢው ዘበኛ በሩን በርግዶ ገባ።

«ቆዳ ፋብሪካ ፍጻሜ ገባ! ወንድምሽ ደግሞ አጥቂያቸውን በቃሬዛ አስወጣው። መዶሻ እኮ መዶሻ ነው!»

መዶሻ የቆዳ ፋብሪካ አምበልና የመሃል ተከላካይ፣ የእሷም ታላቅ ወንድም ነው። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ የቤቱ አባወራ እሱ ነው። ሳምንቱን እርጥብ ቆዳ ሲጎትት ይውላል፤ እሁድ ሰው ይጥላል። ዘበኛው «እንኳን ደስ ያለሽ» ሊላት ሲል ፊቷን አይቶ ግራ ተጋባ። ደስታ የለበትም። እሷ የምታስበው ሌላኛውን ግማሽ ፍጻሜ፣ የነገውን ነው። ነገ «ባቡር» የሚባለው ቡድን ካሸነፈ ፍጻሜው የወንድሟና የምትወደው ሰው ይሆናል።

የምትወደውን ሰው ደጋፊዎቹ «ጭልፊት» ይሉታል። በባቡር ጋራዥ በያጅ ነው፤ ሜዳ ላይ ደግሞ ኳስ ከሰው እግር ስር ነጥቆ የሚበር አጥቂ። የተዋወቁት በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር ነው። አንድ ግብ ጠባቂ ኳሱን በቦክስ ሊመታ ሲል ስቶ የእሱን የእጅ አንጓ አገኘና ክንዱን ታቅፎ ወደ ጀሶ ክፍሉ መጣ።

«አትንቀሳቀስ» አለችው።

«አንቺ እዚህ እያለሽ ወዴት እሄዳለሁ?»

«አፍህንም ላስርልህ እችላለሁ።»

«በጀሶ ወይስ በሌላ?»

ሳቋ አምልጧት ጀሶውን አበላሸችውና እንደገና ጀመረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጀሶዬ» ይላታል። የማን እህት እንደሆነች ራሷ ስትነግረው ግን ፊቱ እንደ ከሰል ጠቆረ። ጥሏት ሄደ። ሰንብቶ ተመልሶ መጣና የሆስፒታሉ አጥር ሥር ቆሞ «አንቺ እሱ አይደለሽም» አላት። 

ምክንያቱን አገር ያውቀዋል። ከዓመታት በፊት በሊግ ጨዋታ መዶሻ የጭልፊትን ታላቅ ወንድም እግር ሰብሯል። ታላቅየው ያኔ የባቡር የክንፍ ተጫዋች ነበር፤ እንደ እሱ የሚሮጥ አልነበረም ይባላል። አጥንቱ ተጣሞ ገጠመ። ዛሬ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ትንሽ መስኮት ጀርባ ተቀምጦ ቲኬት ይቆርጣል። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ጭልፊትን በዚያ መስኮት ያሳደገው እሱ ነው።

ዕጣው ሁለቱን ቡድኖች ከወዲያና ከወዲህ አስቀምጧቸው ስለነበር ከፍጻሜ በፊት አይገናኙም። ሁለቱም ትንንሽ ክለቦች ናቸው። «አንዱ መውደቁ አይቀርም» እያሉ ፍቅረኞቹ ይጽናኑ ነበር። አንዱም አልወደቀም። ቆዳ ፋብሪካ የሊጉን ሻምፒዮን በፍጹም ቅጣት ምት ጥሎ፣ በመልበሻ ክፍሉ ኮሪደር ላይ ደግሞ በቡጢ ደገመው። ባቡር ሩብ ፍጻሜውን ከሜዳው ውጭ አሸንፎ ሲመለስ አውቶቡሱ በድንጋይ ተደበደበ። ያን ዕለት ጭልፊትን ወንበር ላይ አስቀምጣ ከፀጉሩ ውስጥ የመስታወት ስባሪ በወረንጦ እየለቀመች፣ እያንዳንዷ ስባሪ ሳህኑ ላይ ቂው ስትል እሷ ትደነግጥ ነበር። «እኔ ነኝ የቆሰልኩት፣ አንቺ ነሽ የምትደነግጪው» አላት። እሷ ግን ከስባሪው ይልቅ ድሉ ነበር የሚያስደነግጣት።

በማግስቱ ፈቃድ ወስዳ ስታዲየም ሄደች። ፀጉሯን በሻርፕ ሸፍና ከባቡር ደጋፊዎች መሃል ቆመች። ተጋጣሚው የወደብ ሠራተኞች ቡድን ነው፤ ገና ከመጀመሪያው ክርናቸውን አስቀድመው ነው የሚገቡት። ጭልፊት ቅንድቡ ተተርትሮ ደሙ አገጩ ላይ ደረሰ። ጠምጥመውለት ተመለሰ። ፋሻው ቀላ፤ ሌላ ጠመጠሙለት። ጨዋታው እኩል ሆኖ ሊያልቅ ሲል ከማዕዘን የተሻማች ኳስ ተጨራርፋ እግሩ ስር ወደቀች።

በኋላ እንደነገራት ለቅጽበት ሊተዋት አስቦ ነበር። «ባልመታት ምን አለበት? ብዬ ነበር። እግሬ ግን ልቤን አይሰማም» አላት።

መረቡ ተወጠረ። የተመልካቹ መደብ ከሥሩ ተንቀጠቀጠ። የማታውቀው ሰውዬ ግንባሯን ይዞ ሳማት። እሷ ማልቀስ ጀመረች።

«አልቅሺ እህቴ፣ አልቅሺ! የደስታ ነው!» አላት ሰውዬው፤ እሱም አብሯት አለቀሰ።

ጭልፊት በጓደኞቹ ትከሻ ላይ ሆኖ በአጥሩ ሽቦ በኩል አያት። ሺህ ሰው ስሙን ይጠራል፤ እሱ ግን ቤቱ እንደተቃጠለበት ሰው ነበር የሚያያት። ዓይኖቿን ነቅላ መሬት መሬት አየች። እንዲህ ያለ ድል፣ እንዲህ ያለ ሐዘን የሚሆነው በምን ኃጢአታቸው ይሆን?

በፍጻሜው ሳምንት አንድ ከዘራ የያዘ ሰው ጀሶ ክፍሉ ገባ። እግሩ ስለጠዘጠዘው ሐኪሙ ድጋፍ ይታሰርለት ብሎ ልኮት ነው። ሱሪውን ሲሰበስብ ቅልጥሙ እንደ ጎበጠ ቅርንጫፍ ነበር። ነርሷ ገና ጠባሳውን ስታየው ማን መሆኑን አወቀች፤ ዓይኖቹ ደግሞ የጭልፊት ዓይኖች ናቸው። እሱ ግን እሷን አያውቃትም።

«ባሰብዎት እንዴ ጋሼ? ብርድ መትቶት ይሆናል።»

«ብርድ አይደለም እህቴ። ቀኑ መድረሱን ስላወቀ ነው።»

«የምን ቀን?»

«የእሁዱ ነዋ። ይህን እግር የሰበረው ሰው እሁድ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ይጋጠማል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ደስታውን ለማንም ቢያካፍል የማይጠግብ ሰው ይመስላል። «ያኔ ልጅ ነበር። አልጋዬ አጠገብ ተንበርክኮ፣ እጁን እዚህች ላይ ጭኖ፣ ‹ወንድም ጋሼ፣ አንድ ቀን እግሩን እንዳንተ አደርገዋለሁ› ብሎ ማለልኝ። ሰው ሁሉ የልጅ ነገር ነው ብሎ ሳቀ። እኔ ግን በዚያች መሐላ ነው የኖርኩት። ትናንትም ‹ረሳኸው እንዴ?› ብዬ ጠየቅኩት።»

«ምን አለዎት?»

«‹አልረሳሁም› አለኛ!» ፊቱ በራ። ወዲያው ተኮሳተረ። «ኧረ እህቴ፣ ፋሻውን አጠበቅሽው! አመመኝ!»

ፋሻውን ፈታ ደግማ አሰረችለት። ሲወጣ «እጅሽ ይባረክ» አላት። በሩን ዘግታ የጀሶ ዱቄት የነካው እጇን አየችው። 

በምሳ ሰዓት የባቡር ጋራዡ በር ላይ ደረሰች። ጭልፊት የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ቅንድቡ ላይ ስፌቱ እንዳለ ወጣ። ሲያያት ፈገግ ሊል ጀምሮ ተወው።

«ምሎልኛል ይላል ወንድምህ። ማልክ ወይስ አልማልክም?»

መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ በእጁ አገላበጠ።

«አንተን እኮ ነው!»

«ማልኩ።»

«እኔን እያቀፍክ፣ ‹አንቺ እሱ አይደለሽም› እያልክ፣ ሆድህ ውስጥ የወንድሜን እግር ይዘህ ነው የምትዞረው?»

«ልጅ ነበርኩ ጀሶዬ።»

«አሁንስ? አሁን ልጅ ነህ? ‹ሽሬዋለሁ› በለኝ። አንድ ቃል ነው። በለኝና ልሂድ።»

ከኋላው መፍጫው ብረት ላይ ያፏጫል፤ ፍንጣሪው እስከ በሩ ይረጫል። ጭልፊት ከንፈሩን ከፈተና መልሶ ገጠመው። እግሩን እየጎተተ ያሳደገውን ሰው፣ ለእሱ ጫማ ለመግዛት በባዶ ሆዱ መስኮት ላይ የዋለውን ሰው፣ በአንዲት ቃል እንዴት ይግደለው? እንዲህ ነበር የሚያስበው። እሷ ግን ያየችው ዝምታውን ብቻ ነው።

«ገባኝ» አለች። «ቃሬዛው አጠገብ የምቆመው እኔ ነኝ እሁድ። ሆስፒታሉ መድቦኛል። ስትሰብረው ድምፁን እሰማልሃለሁ።»

ጠራት። አልዞረችም። ብትዞር ትቀር እንደነበር ራሷ ታውቀዋለች፤ ለዚህ ነው እየሮጠች የሄደችው።

ቤት ስትደርስ መዶሻ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ታኬታ ጫማውን ያጸዳ ነበር። እናታቸው ጓዳ ናት። የቆዳው ሽታ ከልብሱ አልፎ ግድግዳውን ይዞታል።

«እሁድ አትግባ» አለችው።

«ምን?»

«ታመምኩ በል። ጉልበቴን በል። ብቻ እሁድ አትግባ ወንድሜ፣ ስሞትልህ።»

ቀና ብሎ በረዥሙ አያት። ሰው ሁሉ ጉልበቱን እንጂ ብልጠቱን አያውቅለትም።

«ማነው?» አላት።

«ምኑ?»

«ከነዚያ ውስጥ ማነው? ለእኔ ብለሽ አይደለም የምትለምኚው።»

መዋሸት ትችል ነበር። ደክሟት ነበር። «ጭልፊት» አለች።

ጥፊው ከየት እንደመጣ አላየችውም። ትከሻዋ ቁም ሳጥኑን መታ፤ ብርጭቆዎቹ ተንኳኩ። ጠረጴዛው ተገለበጠ፤ ጫማው፣ ቀለሙ፣ ብሩሹ ተበተነ። እናታቸው ከጓዳ በርራ መጥታ በመሃላቸው ገባች።

«እኔን! እኔን ምታ! ያሳደገህን ጡት ምታ!»

«የቲኬት ቆራጩ ወንድም! ወንድ አልቆባት ነው?» መዶሻ እናቱ ትከሻ ላይ አሻግሮ ጮኸ። ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። «ከአንደኛው አንድ እግር ወስጃለሁ። ከዚህኛው ሁለቱንም እወስዳለሁ። አንቺው ነሽ ጀሶ የምታስሪለት!»

በሩን ነቅሎት ሊወጣ ምንም አልቀረው። እናትየው ልጇን ታቅፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ የቀላውን ጉንጯን በመዳፏ ሸፈነችው።

«ተዪው ልጄ፣ የሚፎክረው ፈርቶ ነው። ያ የሰው ልጅ እግር ከተሰበረ ወዲህ እኮ ደህና እንቅልፍ የለውም። ተኝቶ ጆሮውን ይዞ ይቃዣል። ‹ቀጭ አለ፣ ቀጭ አለ› ይላል።»

ልጅቱ ይህን ሰምታ ወንድሟን መጥላት አቃታት። መጥላት ቢሳካላት ኖሮ እሁድ ይቀላት ነበር።

የመዶሻ ጩኸት ከግድግዳ ግድግዳ አልፎ በሁለት ቀን ሠፈሩን አዳረሰ። እሁድ የስታዲየሙ በር ሲከፈት የሁለቱም ወገን ደጋፊ ወሬውን ይዞ ነው የገባው። በአንደኛው መደብ «ጭልፊት አማቻችን!» ተብሎ ተዘፈነ፤ በሌላኛው መደብ ጥርስ ተነከሰ። ከመደቡ ሥር፣ የሜዳው መስመር ዳር፣ የሕክምና ሳጥኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ነርሷ ተቀመጠች። ከአጥሩ ወዲያ በመጀመሪያው ረድፍ ቲኬት ቆራጩ ከዘራውን ይዞ ቆሟል። አሁን ማን እንደሆነች አውቋል። አስተያየቱ ጀርባዋን ይወጋታል።

ፊሽካው ተነፋ። ኳስ የነበረች አይመስልም። ጭልፊት ኳስ በነካ ቁጥር መዶሻ ከእነ ነፍሱ ይመጣበታል። አንዴ ጎድኑን በጉልበቱ፣ አንዴ ቁርጭምጭሚቱን በጫማው ብረት። ዳኛው አስጠነቀቀው፤ መዶሻ ሰማይ ሰማይ አየ። ከኋላ የባቡር አማካይ የቆዳ ፋብሪካን ልጅ ደረቱን ረገጠው፤ አምስት ስድስት ሰው ተያይዞ ወደቀ። እሷ ሦስት ጊዜ ገባች፣ ሦስት ጊዜ ደም ጠርጋ ወጣች። አንዴ ጭልፊት አጠገብ ስትንበረከክ «ጀሶዬ» አላት። «ሳጥኑን ያዝልኝ» አለችው። ይህን ብቻ ነው የተነጋገሩት።

ከእረፍት መልስ ቆዳ ፋብሪካ ከርቀት በተመታ ኳስ አገባ። ከዚያ በኋላ ባቡር ሁሉ ወደ ፊት ጎረፈ። ሊያልቅ ሲል አንዲት ረዥም ኳስ በመዶሻ ራስ ላይ አልፋ ወረደች። መዶሻ ዞሮ ሊያወጣት ሲዘረጋ ተንሸራተተ። ግራ እግሩ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ቀረ። ኳሷ ከእግሩ አጠገብ ናት፤ ጭልፊት በሙሉ ፍጥነቱ እየመጣ ነው። ከግብ ጠባቂው በቀር ከፊቱ ማንም የለም። እግሩን ወደ ኳሷ ቢሰነዝር ኳሷም፣ የመዶሻ ቅልጥምም፣ መሐላውም በአንድ ምት ያልቃሉ። ዳኛውም ቢሆን የኳስ ነው ይላል።

«ስበረው!» አለ ቲኬት ቆራጩ ከአጥሩ ወዲያ። መደቡ ተቀበለው። «ስበረው! ስበረው!»

ነርሷ ጆሮዋን ያዘች። መዶሻ ዓይኑን ጨፈነ።

ጭልፊት ዘለለው።

ኳሷን ትቶ፣ እግሩን ትቶ፣ በላዩ ተሻግሮ ወዲያ ወደቀ። ኳሷ ተንከባልላ ግብ ጠባቂው እቅፍ ገባች።  መዶሻ ተቀምጦ እግሩን ይዳብሳል፤ መኖሩን ያላመነ ይመስል። አንድ ነገር ጠየቀው። ጭልፊት ሣሩ ላይ እንደተጋደመ መለሰለት። ምን እንደተባባሉ ነርሷ አልሰማችም።

«ሸጠን!» የሚለው ጩኸት ከላይኛው ረድፍ ተነሣ። «ለሚስት ብሎ ሸጠን!» ጠርሙስ ወረደ፣ ድንጋይ ወረደ፣ ወንበር ተነቅሎ ወረደ። አጥሩ ወደ ፊት ተለጠጠና ከነ ምሰሶው ተገነደሰ። ሰው እንደ ጎርፍ ፈሰሰ። ከሌላኛው መደብም ወረዱ። ዳኛው እየሮጠ ጠፋ። በመሃሉ አንድ እግሩን እየጎተተ የሚሮጥ ሰው አየች። ከዘራውን ጥሏል። በእጁ ከአጥሩ የተነቀለ የብረት ቱቦ አለ።

ወደ መዶሻ ጀርባ ነው የሚሄደው።

«ወንድሜ!» ብላ ጮኸች። ማን ይስማት! ሮጠች። አንዱ ከኋላ ፀጉሯን ያዘ፤ «የመዶሻ እህት! ይቺ ናት!» አለ። ዞራ የሕክምና ሳጥኑን በሙሉ ክንዷ ፊቱ ላይ ጣለችበት። አፍንጫው ሲደቅ ተሰማት፤ አላዘነችለትም። የወደቀውን እየረገጠች፣ የሚጎትታትን እየነከሰች አለፈች።

ቱቦው ወደ ላይ ሲነሣ አብሮት ተነሥቶ የቆመው ጭልፊት በመዶሻ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየው። የማን እጅ እንደያዘው አውቋል። መዶሻን በሁለት እጁ ደረቱን ገፍቶ ጣለውና እሱ ቦታውን ያዘ። ቱቦው ከግራ ጆሮው በላይ አረፈበት። እንደ ተቆረጠ ገመድ ወደቀ።

ቲኬት ቆራጩ ቱቦውን አየ። ወንድሙን አየ። «አይደለም» አለ። «አይ፣ እሱን አይደለም። እሱን አይደለም!»

መዶሻ ተነሥቶ ጉሮሮውን ያዘው። ሰውዬው አልታገለም፤ እንዲያንቀው አንገቱን ሰጠው። ሠላሳ ሰው ዙሪያቸውን ከቦ ይደባደባል። ነርሷ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው።

«ልቀቀው!»

«ይሙት!»

«ልቀቀውና ጎንበስ በል!» እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግራው አታውቅም። «ቃሬዛው የለም። ጉልበቱን ለሰው መግደያ ብቻ ነው እግዜር የሰጠህ? ጎንበስ በል! ተሸከመው!»

መዶሻ ለቀቀ። ጎንበስ አለ። ጭልፊትን እንደ ሕፃን በሁለት ክንዱ አነሣው። በድንጋዩ መሃል ትከሻውን ጋሻ አድርጎ፣ በጀርባው ጠርሙስ እየተሰበረበት ተራመደ። እሷ አጠገቡ የጭልፊትን የደማ ጭንቅላት በሁለት እጇ ይዛ ትሮጣለች። ከኋላቸው ቲኬት ቆራጩ ያለ ከዘራ፣ አንዴ እየወደቀ አንዴ እየተነሣ ይከተላቸዋል። ዋንጫው የክብር መድረኩ ላይ ብቻውን ቀረ። እሷ ያኔ በመዳፏ ሥር የሚመታውን ደም ስር እንጂ ሌላ ዓለም አልነበራትም።

በማግስቱ ጠዋት ከቀዶ ጥገና ክፍሉ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ሁለት ሰዎች አንድ አግዳሚ ላይ አገኘች። አንዱ ከዚህ ጫፍ፣ ሌላው ከዚያ ጫፍ። ሐኪሙ «በሕይወት ይተርፋል፤ ሌላውን እናያለን» ብሏል። ይህንኑ ነገረቻቸው። ቲኬት ቆራጩ ፊቱን በእጆቹ ውስጥ ቀበረ።

«እጄን ቁረጪልኝ» አለ። «መቁረጫ አለሽ አይደል? ጀሶ የምትቆርጪበት። ቁረጪልኝ እህቴ።»

 ልትጠላው ፈልጋ ያ የጎበጠ ቅልጥም ፊቷ ድቅን አለ። ውኃ አምጥታ ሰጠችው። ብርጭቆው በጥርሶቹ ላይ ተንኳኳ።

መዶሻ ቀና አላለም። ጀርባው በፕላስተር ተለጣጥፏል።

«‹ለምን አልሰበርከኝም?› ብዬ ጠየቅኩት» አለ ወለሉን እያየ። «‹ለእህትህ ብዬ ነው› የሚለኝ መስሎኝ ነበር። እንደሱ ቢለኝ እዚያው በቡጢ ባልኩት። ምን አለኝ መሰለሽ? ‹የወንድሜ እግር ሲሰበር መደቡ ላይ ነበርኩ። ድምፁን ሰምቼዋለሁ። እኔ እንኳ ልጅ ሆኜ ከጆሮዬ አልወጣ ያለውን ድምፅ በእጄ ልሠራው?› አለኝ።» ጆሮውን በመዳፉ ሸፈነ። «እኔም እሰማዋለሁ እኮ። ይኸው እስከ ዛሬ።»

ከአግዳሚው ጫፍ ቲኬት ቆራጩ ብርጭቆውን አወረደ። ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ። ማንም ማንንም ይቅር አላለም። ብቻ ዓይናቸውን ቶሎ አላነሡም።

«ወንድሜ ነህ» አለችው ነርሷ። «ግን ደግመህ እጅህን ብታነሣብኝ፣ ወይም እሱን እኔ እንዳላይ ብትል፣ እናቴን ይዤ እወጣለሁ። አንተ የምትሰጠኝና የምትነሣኝ ዕቃ አይደለሁም።»

«እናቴን ተይልኝ እንጂ» አለ መዶሻ። የሚቀልድ አይመስልም ነበር፤ ግን ድምፁ ውስጥ የልጅነቱ ወንድሟ ነበረበት። «እኔ እሱን አልወደውም። አልዋሽሽም።»

«አንተ እንድትወደው ማን ጠየቀህ?»

የሕሙማኑን መኝታ ክፍል በር ገፍታ ገባች። ክፍሉ ሰፊ ነው፤ አልጋዎቹ ትይዩ ተደርድረዋል፤ የጠዋት ፀሐይ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። የጭልፊት አልጋ ጥግ ላይ ነው፤ ቀኝ ጎኑ ከግድግዳው ተጣብቋል። ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ግማሽ ፊቱ ብቻ ይታያል። ዓይኑ ተከፍቷል።

አጠገቡ ተቀመጠች። ጋራዡ በር ላይ ዝም ሲል የፈረደችበትን ፍርድ አስታወሰች፤ አፈረች። ወደ ግራ ጆሮው ጎንበስ አለችና እንደ ወትሮው፣ ሰው እንዳይሰማ በለመደችው ሹክሹክታ፣ «እወድሃለሁ። ይቅር በለኝ» አለችው።

ዓይኑ አልተንቀሳቀሰም። ጣሪያውን ያያል።

«እወድሃለሁ እያልኩህ እኮ ነው።»

ፊቷ ቅርብ መሆኑን በትንፋሿ አውቆ በዝግታ ዞረ። «መጣሽ?» አላት። «ትንፋሽሽ ጉንጬን ነካኝ። ምን አልሽ? ... በዚህኛው ጆሮዬ ምንም አይሰማኝም ጀሶዬ።»

«ሌላውን እናያለን» ያለው ሐኪም ምን ማለቱ እንደነበር ገባት።  አልጋውን ዞራ እንዳትሄድ ወዲያ ግድግዳ ነው። ፍቅራቸው ከተጀመረ አንስቶ አንዲት የፍቅር ቃል እንኳ በሙሉ ድምፅ ተነጋግረው አያውቁም፤ አጥር ሥር፣ ጥግ ለጥግ፣ ከንፈር ለጆሮ ነበር ሁሉም። በሩን አየች። መዶሻ ቆሟል፤ ከኋላው ቲኬት ቆራጩ በግድግዳው ተደግፎ። ትይዩ አልጋ ላይ እግሩ የተሰቀለ ሽማግሌ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ ይመለከታቸዋል።

ተነሥታ ቆመች።

«እወድሃለሁ አልኩ!»

ድምፅዋ ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ። ሽማግሌው ጋዜጣውን ጣለ። አንድ ጥግ ላይ የተኛ ሰው ነቅቶ «ማንን?» አለ። መዶሻ ከበሩ ንቅንቅ አላለም፤ ጭንቅላቱን ብቻ ወደ ኮሪደሩ አዞረ፤ እህቱ ዓይኑን እንዳታየው።

 በጭልፊት ፋሻ ጠርዝ አንዲት እንባ ወርዳ አፉ ጥግ ደረሰች። እዚያው ከንፈሩ ጥግ ላይ ያ የመጀመሪያው ቀን ነገረኛ ፈገግታ ብቅ አለ።

«አልሰማሁም» አላት።

እየዋሸ እንደሆነ አወቀች። ሰምቶታል፤ ሆስፒታሉ ሁሉ ሰምቶታል። ደረቷን ሞልታ አየር ሳበች። ስንት ጊዜ በፍርሃት የተንቀጠቀጠ ሰውነቷ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ወንድሟም፣ ወንድሙም፣ ያ ሁሉ የሚጮህ መደብም ቢሰማት ግድ አልነበራትም። ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ እየተናነቋት ደግማ ጮኸችለት።